ያልተዘቀዘቀ ነጠላ

ሲይዙኝ ከፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ፋሻ እያወረድሁ ነበር። ጠዋት ዳንግላ ተይዤ ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ገባሁ። መርማሪው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ፋሻውን ለማን ቁስል ነው የምትሸጭው? እኔም ምላሴ አያርፍምና፣ “ቁስል ይታሰራል እንጂ የማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም” አልሁት። “እንግዲያው አንችም ትታሰሪያለሽ” አለና ሳቀ። በመልሴ ኮርቼ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ ቀና ብዬ ነው የሄድሁት።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዘር መጋዘን ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳው የበቀለ ድንች ይሸታል፤ ሲሚንቶው የሌሊቱን ብርድ እስከ እኩለ ቀን አይለቅም። ሴቶች እግራቸውን አጥፈው ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ቆሜ የት እንደምቀመጥ ግራ ሲገባኝ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ “ነይ ልጀ፣ እዚህ ይሻላል” ብለው ጠጋ አሉልኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

እማየ እንላቸው ነበር። የጥሊሊ ገጠር ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፣ አማርኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጡ ከሰል ያከስሉ ስለነበር የመዳፋቸው መስመር ሁሉ ጥቁር ነው፤ ቢታጠቡትም አይለቅም። ትንሹ ልጅሽ ጫካ ገብቷል ተብለው፣ እሱ ሲታጣ እሳቸውን ይዘዋቸው መጡ።

ከእኛ ፊት ለፊት አንዲት የጫግኒ ልጅ ነበረች። ባሏ ባጃጅ እየነዳ ሳለ ወታደር በተኮሰው ጥይት ሞቶባታል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው ውላ የምታድረው። ምግብ ሲመጣ ካልለመኗት አትበላም፤ የሚለምኗትም፣ እየቆረሱ የሚያጎርሷትም እማየ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወሬያችን ወደ ልጅ ሄደ። እማየ ስለ ትልቁ ልጃቸው ጀመሩ። አባቱ ሲሞት ገና ተማሪ ነበር፤ ደብተሩን አስቀምጦ መጥረቢያ አነሳ። ከሰሉን አብሯቸው ያከስላል፣ ድንቹን ይቆፍራል፣ ደስ የሚለው ግን አባቱ የተወለት ፈረስ ላይ ሲወጣ ነው። በጥር ወር ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ከአባቱ እኩዮች ጋር ይሰለፍ ነበር። ወደ ቀበሌው ወታደር የሚመለምሉ ሰዎች ሲመጡ፣ “እኔ ልሂድ፣ እሱ ይማር” ብሎ ታናሹን አስቀርቶ ተመዘገበ።

“ከሰለጠነ በኋላ ደወለልኝ” አሉ እማየ። “ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ‘እማየ፣ እግረኛ ሆንሁ’ አለኝ። እኔ ምን አውቄ! የሚሳፈርበት አጥቶ በእግሩ የሚንከራተት መሰለኝ። ‘ምነው ልጀ፣ ፈረስህን ልላክልህ?’ አልሁት። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።”

ሴቶቹ ሁሉ ሳቅን። የጫግኒዋም ፈገግ አለች።

“ፈረሱን ከእኔ አስበልጦ ይወደው ነበር” አሉ እማየ እየሳቁ።

“ነበር?” አለች የጫግኒዋ። “እማየ፣ ነበር አሉ?”

እማየ መዳፋቸውን ማየት ጀመሩ።

“ወድቋል” አሉ በመጨረሻ። “እዚሁ እኛው አገር ነው አሉኝ።”

ሳቃችን ሁሉ ጠፋ። “ማንን ሲወጋ ነው የሞተው?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነበር።

“አልነገሩኝም፣ ልጀ።”

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። ጋቢያቸውን ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ወደ በሩ ፈቀቅ አልሁ። ማንም ያዘዘኝ የለም። እማየ የጋቢውን ጫፍ ሰበሰቡ።

ሁላችንም የጫግኒዋን እናያለን። ትጮህባቸዋለች ብለን ፈርተናል። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ለቅሶ ተቀምጠዋል?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“ማን ይመጣና? መርዶውን ያመጣው ሰው እንኳ በጓሮ ገብቶ በጓሮ ነው የወጣ። ጎረቤት፣ ከማን ጋ ሆኖ ሞተ ይላል። ለትንሹም ፈራሁ። ነጠላዬን ሳልዘቀዝቅ ዝም ብዬ ከረምሁ። የከሰሉን ጉድጓድ ስከፍት አለቅሳለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ጭሱ ነው እላለሁ።”

የጫግኒዋ ተነስታ መጣች። ፊታቸው ተንበርክካ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረደች፤ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አለበሰቻቸው። አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ “በሉ አሁን ያልቅሱ። እኔ አለሁ” አለቻቸው።

እማየ በአዊኛ አለቀሱ። ቋንቋውን አልችልም፤ ለይቼ የሰማሁት የልጃቸውን ስም ብቻ ነው። ነጠላ ያላት ሁሉ እየዘቀዘቀች ከበበቻቸው። እኔም ነጠላ ነበረኝ። ጫፉን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ።

ጠባቂው በሩን መታ።

“ምንድን ነው ጩኸቱ?”

ለበሩ የቀረብሁት እኔ ነበርሁ። “ለቅሶ ነው” አልሁ።

“የማን?”

ለመርማሪው እንደዚያ የፈጠነ ምላሴ ታሰረ። የወታደር ብል የጫግኒዋን የከዳሁ መሰለኝ፤ ሌላ የምለው ደግሞ አልመጣልኝም። ከኋላዬ የጫግኒዋ መለሰች።

“የልጃችን።”

 የጠባቂው ጫማ ድምፅ ከበሩ ራቀ፤ እስኪመሽም ዝም በሉ ያለን የለም።

እማየ ቀድመውኝ ተፈቱ። ሲወጡ ሁላችንንም አቅፈው ሳሙን፤ እኔንም ጭምር። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ “በርቺ ልጀ” ብለውኝ አለፉ።

ዛሬ ወደ ፋርማሲዬ ተመልሻለሁ። ለመርማሪው የመለስሁለት ቃል ከተማውን ዞሯል፤ ደንበኞቼ “ጎበዝ ነሽ” እያሉ ይደጋግሙልኛል። በሰሙት ቁጥር የሚኮሩት እነሱ ናቸው። እኔ ዞር ብዬ መድኃኒት የምፈልግ እመስላለሁ።

ባለፈው ወደ ቡሬ ስሄድ፣ ጥሊሊ ወርጄ ለቅሶ ልደርሳቸው ቆርጬ ተነሳሁ። ነጠላዬን ይዣለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን የሚያውቁኝ የዳንግላ ሰዎች ነበሩ፤ ወዴት ነሽ፣ የማን ለቅሶ ነው ማለታቸው አይቀርም። ከተማው ስንገባ ሹፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ።

“ጥሊሊ ወራጅ አለ?” አለ ረዳቱ።

ዝም አልሁ።