አስፕሪን የጠጡት ቲማቲሞች

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ገብቼ አስፕሪን ስጠይቅ ሻጯ ልጅ «ራስዎን አሞዎት ነው፣ እማማ?» አለችኝ። «አይ፣ ለቲማቲም ነው» ብዬ አስደነገጥኳት። ዕድሜ ሲገፋ ሰው በሆነ ባልሆነው ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር ያ የደቻቱ ወንዝ ዳር ማሳ ይመጣብኛል፤ የጋለው አሸዋ፣ የበሰለ ፓፓያ ሽታ፣ የታላቅ እህቴ የዘይነባ ቢጫ ሻሽ።

ዘይነባ ባሏ ሞቶባት እሱ የተወውን ትንሽ የቲማቲም ማሳ ብቻዋን ታለማ ነበር። ማሳው ግን በሽታ ገብቶበታል። ተክሉ ላፍራ ሲል ከታች ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ ብዙም ሳይቆይ ክው ብሎ ይደርቃል። የባሏ ወንድም ዩሱፍ «ዘንድሮም ከደረቀ መሬቱን ለአሸዋ ነጋዴዎች አከራየዋለሁ፤ አንቺም አባትሽ ቤት ግቢ» ብሏታል። ዘይነባን ለሚያውቅ፣ አባት ቤት ተመልሶ መጦር ለሷ ሞት ነው።

እኔ ያኔ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ለእረፍት መጥቻለሁ፤ የተማርኩት ሁሉ አፌ ላይ ነው። አንዱን ግንድ ሰንጥቄ ውስጡ ቡናማ መሆኑን አሳየኋት። አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ በሥሩ ገብቶ የውሃ መንገዱን እንደሚዘጋበት ነገርኳት። ተክልም ዝም ብሎ አይሞትም፤ ጠላት ሲገባበት «ተነሱ!» የሚል ሆርሞን በገላው ሁሉ ይለቃል፤ ያም ሆርሞን የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው አልኳት።

«አስፕሪን? ይሄ የራስ ምታቱ?»

«እሱው።»

«አቦ! ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ክኒኑን በሙቀጫ ወቅጠን፣ በውሃ እንበጠብጣለን፤ ፀሐይ ስትበርድ ዘይነባ «ቢስሚላሂ» እያለች ሥር ሥሩን ታጠጣለች። ከዚያ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብለን ዘይት ላይ የተጠበሰ ትኩስ ባጂያ በሚያቃጥል ዳጣ እንበላለን። ነፋስ ከተራራው ይወርዳል፣ ሩቅ ቦታ አዛን ይሰማል፤ ያ ምሽት የማያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ቲማቲሙ አልደረቀም። የጎረቤት ማሳ ሲረግፍ የኛ ቆመ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አላድግ አለ! ጉልበት እንኳ አልደረሰም። ዩሱፍ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ ቲማቲም ነው ሚጥሚጣ?» ብሎ ሳቀብን። በንዴት አለቀስኩ።

«አብዝተንበታል» አልኳት ማታውን። «ተክል ያለው ጉልበት ውስን ነው። ሁሉን ለመከላከያ ካዋለው ለማደጊያ አይተርፈውም።»

ዘይነባ ሙቀጫውን አጥባ ደፋችው። ከዚያ «ነገ መድኃኒት የለም» አለች።

«ይደርቁብሻል እኮ! ዩሱፍስ?»

«የሚደርቀው ይድረቅ። ሌላው ይደግ።»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ ወይ ፍንክች! የፈራሁትም አልቀረ፣ አንዳንዱ መድረቅ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት እየነቀለች ዳር ወስዳ ታቃጥላለች። የተረፈው ግን ተመዘዘ፣ አበበ፣ ድጋፉ እስኪጎብጥ ድረስ አፈራ። ቲማቲሙን ወደ ገበያ የጫነው ራሱ ዩሱፍ ነው። የአሸዋውን ነገር ደግሞ አላነሳውም።

ዘይነባ ኋላ አግብታ ወለደች፤ አሁን ዋሂል መንደር ከልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ትናንት ደወልኩላትና ስንስቅ ቆይተን «ቆይ ግን፣ ያኔ አልፈራሽም?» አልኳት።

«ውይ፣ እንዴት አልፈራ! ግን አንቺ ስለ ቲማቲም ስታወሪ እኔ የራሴን ነበር የምሰማው። ባሌ ከሞተ ወዲያ እንዳልሞት ስጠነቀቅ ከረምኩ እንጂ መች ኖርኩ? በቃ፣ ያን ማታ ሰለቸኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ደስም አለኝ፣ ቆጨኝም። ይህን ሁሉ ዘመን ለሰው ሳወራ የኖርኩት እህቴ እንዴት ማሳዋን እንዳተረፈች ነው። ዓይኔ ቅጠሉ ላይ ነበር፤ አጠገቤ ሰው ወደ ሕይወት ሲመለስ አላየሁም።