በእህቴ ቦታ

ልጄ ሂሳቧን ጮክ ብላ ትሠራለች፤ «አሁን በኤክስ ቦታ ይሄን እተካለሁ።» ይህን ስሰማ በሐሳብ ወደ ልጅነቴ ተመልሼ ድብ ባሕር፣ አባቴ ቤት፣ ከጎተራው ኋላ ቁጭ እላለሁ።

የታጨችው እህቴ ሠርጓ ሲቃረብ ጠፍታለች። ቤቱ የጠላ ድፍድፍ ይሸታል።

«ቃልህስ?» አሉት የሙሽራው ወገን ሽማግሌ አባቴን።

«ቃሌማ ቃል ነው። ታናሿ አለች።»

«ሸጋ!» ብለው ተነሡ።

ነገሩ የገባኝ እናቴ እያለቀሰች የእህቴን ቀሚስ በእኔ ቁመት ስታሳጥረው ነው።

«እማ፣ ጨረስኩ! ለአንደኛው እኩልታ ልክ መጣ» አለች ልጄ።

«ምነው፣ ለሁለተኛውስ አልሞከርሽውም?» አልኳት፤ እኔም ከመጽሐፏ ለብቻዬ ተምሬዋለሁ።

ሞከረችው፤ አልሆነም። በላጲስ አጠፋችውና እንደ አዲስ ጀመረች።

ቀናሁባት።