የተፋቀው የመጀመሪያ መስመር

አባቴ ሲያርፍ ከአያቴ የወረሰው የብራና የጸሎት መጽሐፍ ለእኔ ደረሰ። እናቴ ግን በተዝካሩ ዕለት በስሙ ለደብሩ ልትሰጠው ቆርጣ ነበር፤ ለቄሱም ነግራቸዋለች። እኔ አስተማሪ ነኝና ምንነቱን ሳላውቅ እንዲሄድ አልፈለግሁም። ከመካነ ብርሃን ይዤው ጎንደር ወረድሁ።

ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የድሮ ጽሑፍ የሚያጠኑ አንድ መምህር አሉ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ በኩል ሳስቶ ነበር፤ አይጥ በልታው ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

«መምህርት፣ በቢላዋ የምትበላ አይጥ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አሳዩኝ። ብራና ቆዳ ስለሆነ ጸሐፊ የተሳሳተውን በስለት ፍቆ እላዩ ላይ እንደገና ይጽፋል። እዚህ የተፋቀው ግን ስሕተት አልነበረም፤ የሥላሴ ስም ነው። በቦታው፣ በሌላ ሰው እጅ፣ የእስራኤልን አምላክ የሚያመሰግን መስመር ገብቷል። እሳቸው እንዳብራሩልኝ፣ ክርስቲያን የጻፈውን መጽሐፍ ቤተ እስራኤሎች ወስደው ለራሳቸው ጸሎት አስተካክለውታል። የገጾቹ ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ስንት ትውልድ እንደጸለየበት ሳስብ እጄን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ዋጋውን ብጠይቃቸው የሚገዛ እንደማይጠፋ፣ እሳቸው ግን ለመገመት እንደማይደፍሩ ነገሩኝ።

ቤት ተመልሼ ይህን ለእናቴ ስነግራት የድሮውን አነሣችልኝ። ሙሽራ ሆና ስትመጣ አያቴ ክረምት በወጣ ቁጥር መጽሐፉን ፀሐይ ሲያሞቁት ታይ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ሲጸልዩበት አላየችም። ምነው ብላ ስትጠይቃቸው ጠባቂው ብቻ ነኝ ይሏታል። ትሕትና መስሏት ኖረች። ለካ ከቤታቸው በታች የነበሩት ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ወደ እስራኤል ሲሄዱ አደራ ብለዋቸው ኖሯል።

በማግሥቱ መጽሐፉን ይዘን ቄሱ ዘንድ ሄድን። ቃሏን በማጠፏ ይቀየሟታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አባ፣ ለመታሰቢያው ጃንጥላ አገባለሁ» አለቻቸው። «ይህ ግን የቀጥቃጮቹ አደራ ነው፤ የእሱ ያልነበረውን በእሱ ስም እንዴት አድርጌ ልስጥ?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። የተፋቀውን ቦታ አሳዪኝ አሉኝ። ጎንበስ ብለው፣ ጣታቸውን ሳያሳርፉ፣ በላዩ የተጻፈውን መስመር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም መጽሐፉን ዘግተው መለሱልኝ።

«ልጆች ይኖሯቸዋል» አሉ። «ፈልጊያቸው።»