የአማቴ ድባብ፦ ከልጅ ልጆቼ ጋር ከቢቸና እስከ ሞጣ

ቢቸና፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ላንድሮቨሩ ገበያው ዳር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀናል። ልጄ ሰናይት ከምትኖርበት ከምሥራቅ ጀርመን ለእረፍት መጥታለች፤ የስምንት ዓመቱን ዮናስንና የአምስት ዓመቷን ሄለንን ይዛ። እዚያ እሁድ እሁድ ሙዚየም ትወስዳቸዋለች። እዚህም «የእናንተ ሙዚየም የት ነው?» እያሉ ሲነዘንዙኝ ሰነበቱ። የቤተ ክርስቲያን እቃ ቤት አሳያችኋለሁ አልኳቸው።

እውነቱን ልናገርና ለልጆቹ ብቻ ብዬ አልነበረም። አማቴ ሞጣ አጠገብ ላለች ማርያም የተሳሉትን የከፋይ ድባብ፣ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋውን ትልቅ ጥላ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የባሌ እህት እትዬ ጥሩወርቅ ግን «ቀሚስ ሰፋችበት» ብለው ለአገሩ ሁሉ አዳረሱ። ሰናይት ራሷ አንድ ቀን «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። ያን ቀን አልረሳውም።

እትዬ ጥሩወርቅ «እኔም እሄዳለሁ» ብለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

«እማማ፣ የይለፍ ወረቀት ይዘዋል?» አላቸው ሾፌሩ።

«ይዣለሁ። ይልቅ እሷን ጠይቃት፤ የተሰጣትን ማድረስ አይሆንላትም።»

ልጆቹን ይዤ ከኋላ ገባሁ።

ግንደወይን፣ ረፋድ

አቧራ፣ የጤፍ ክምር፣ እንደገና አቧራ። ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀመስን። ኬላው ላይ ሚሊሻው ልጆቹን አገላብጦ አየና «እነዚህ አማርኛ ይሰማሉ?» አለ።

«እሰማለሁ፤ ግን አፌ አፈር ሞላ» አለችው ሄለን። እየሳቀ ገመዱን አወረደልን። እግዜር ይስጠው።

ሞጣ፣ ከቀትር በኋላ

ከከተማው ወጥተን ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድን። ሄለን በሩ ላይ «ቲኬት የሚቆርጠው የታለ?» አለች። እኛ ሴቶች እቃ ቤት ስለማንገባ ሽማግሌው ቄሰ ገበዝ እቃውን አንድ በአንድ ወደ ደጀ ሰላሙ እያወጡ አሳዩን፤ የብር መስቀል፣ ሥዕል ያለበት ብራና፣ ከበሮ።

ዮናስ ገረመው። «እዚያ መስታወት ውስጥ ይቆልፉበታል። እዚህ ሰው ይስመዋል!»

ጊዜዬ ደረሰ። «አባታችን፣ አማቴ ወይዘሮ በላይነሽ የሰጡት ድባብ አለ?»

«በላይነሽ የምትባል አላውቅም፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ሰጪ የሚታወቀው በክርስትና ስሙ ነው። ድባቡ ደግሞ ብዙ ነው፤ ሁሉን ፈትቼ አልዘልቀውም።»

ክው አልኩ። የአማቴን የክርስትና ስም በፍትሐታቸው ቀን ሰምቼው ነበር፤ ከ«ወለተ» በቀር ሌላው ጠፍቶብኛል። ጨርቁ ጫፍ ላይም ተጠልፎ ነበር፤ ያኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብ የቻልኩት በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከመካከላችን ስሙን የሚያውቁት ልጃቸው እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ነበሩ።

እሳቸውን ለምኜ አላውቅም። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል» አልኩ።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባይገኝስ?»

«ባይገኝ እርስዎ እውነተኛ፣ እኔ ሌባ።»

ሰናይት ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረው «ወለተ ኪዳን» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ገብተው ዘገዩ። ሲመለሱ አንድ ጥቅል በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። ቀዩ ከፋይ ወይቧል፤ ዘርፉ ሳስቷል። «በየጥምቀቱ ይወጣል፤ ብዙ አገልግሏል» አሉና ጫፉን ዘረጉልኝ። በጣቴ ሳልነካው እየጠቆምኩ ለሄለን ፊደሉን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ሰናይት ክንዴን ያዘች። እትዬ ጥሩወርቅ ጨርቁን ስመው እናታቸውን እየጠሩ አለቀሱ።

ቢቸና፣ በማግስቱ

ይቅርታ አላሉኝም። ከመኪናው ስንወርድ ለአንዲት ጎረቤት «የእናቴን ድባብ አየሁት፤ እሷው አድርሳዋለች» አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አደራ ጠባቂውን ቄሰ ገበዝ አመሰግናለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝን አመሰግናለሁ። እትዬ ጥሩወርቅንም አመሰግናለሁ፤ ስሙን ረስቼዋለሁ ቢሉ ማን ያስገድዳቸው ነበር? ያን ስላላሉ ቤቴ አስገብቼ ምሳ አቀረብኩላቸው። ሃያ ዓመቱን ግን ገና አልተውኩላቸውም።