የኒሃል ካውር የውሃ ተራ

ባቺታር ሲንግ የታናሽ ወንድሙን ሚስት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያውቃት በተረከዟ ነበር። ፊቷን አያውቀውም። በኛ መንደር የባል ታላቅ ወንድም ብቅ ሲል ሴት ሻሿን እስከ አገጯ ትስበዋለች፤ ቃልም አትሰነዝርለትም። አክብሮት ነው ይላሉ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አክብሮትና ዝርፊያ የሚለዩበት ክፍል አልደረስኩም።

ሴትየዋ ኒሃል ካውር ትባላለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ግን የአጎት ሚስት ስለሆነች ቻቺ እላታለሁ። ባቺታርን ደግሞ ታያ እለዋለሁ፣ ትልቅ አጎት እንደማለት ነው። ትልቅነቱ ሆዱ ላይ ነበር።

የአምስት ወንዞች አገር ይሉናል። አምስቱም በኛ በኩል አያልፉም። መንደራችን አሸዋው ሊጀምር ሲል ነው፤ ጉድጓድ ብትቆፍር የሚወጣው ጨው ነው፣ ጎሽ አሽትታው ትመለሳለች። ያለን ነገር ከሰትለጅ ወንዝ ተጠልፎ የመጣ አንድ ቦይ ነው። አያቶቻችን አገር ለሁለት የተሰነጠቀ ጊዜ ከድንበሩ ማዶ የቀረውን የላይልፑር ለም መሬታቸውን ጥለው ሸሹ፣ በምትኩ ይሄ አሸዋ ተሰፈረላቸው። ታዲያ ውሃ በሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንዴ ተራ አለው። ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የባቺታር ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት የኒሃል፣ ከአምስት በኋላ የኔ። ሰዓትህ ሲደርስ ከአንተ በፊት ያለውን ሰው የቦይ አፍ በጭቃ ትደፍናለህ፣ የራስህን ትከፍታለህ። አባትህ ቢሞት እንኳ ሬሳውን ጥላ ሥር አስቀምጠህ መጀመሪያ ውሃህን ታጠጣለህ። አባትህም ቢሆን የሚልህ ይህንኑ ነው።

የኒሃል ባል ሳውዳጋር የሞተው ጥጥ ላይ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ነው። ጣሳው ላይ የራስ ቅል ተስሎበታል። ሻጩን «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው «ለትሉ ነው» አለው። ሳውዳጋርም የጥምጥሙን ጫፍ አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ሁለት ሴት ልጆችና ስድስት ኪላ መሬት፣ ሁለት ሄክታር ተኩል የማይሞላ፣ ትቶላት ሄደ። በስድስት ኪላ ሦስት ነፍስ ይኖራል፣ ውሃ ካለ።

ውሃው ግን ከሳውዳጋር ቀብር በኋላ ማጠር ጀመረ። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ባቺታር የቦዩን አፍ አይለቅም። ሦስት ተኩል ይሆናል፣ አንዳንዴ ለአራት ሩብ ጉዳይ። እኔ በበኩሌ አምስት ሰዓት ሲል የሷን ደፍኜ የራሴን እከፍታለሁ። ሕግ ነዋ። መሀል ላይ የምትታለበው እሷ ናት።

መናገርም አትችልም። ስለዚህ እኔ መሀል ቆሜ አስተላልፋለሁ። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ የለም።

«ጌጃ» ትላለች ከሻሿ ሥር፣ «ሦስት ሰዓት ሆኗል በላቸው።»

«ታያ፣ ሦስት ሰዓት ሆኗል ትላለች።»

«ሰምቻለሁ። በምን አወቀች በላት።»

«ቻቺ፣ በምን አወቅሽ ነው የሚለው።»

«በባሌ ሰዓት በላቸው። እጄ ላይ ነው።»

«የሙት ሰዓት ይቀድማል በላት» ይላል ባቺታር፣ አካፋው ላይ ተደግፎ።

ሁለት ዓመት አንገቴ እንደ በር ማጠፊያ ሲዞር ኖረ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጥጧ ከጉልበት አላለፈም። ሽማግሌዎቹ ጋ ሰው ላከች። «የቤተሰብ ነገር ነው፣ እዚያው ጨርሱት» አሏት። እነዚህ ሰዎች የጎረቤት ውሻ በር ላይ ተኛ ብለው ሦስት ቀን የሚሰበሰቡ ናቸው።

ባቺታር ሊጨርሰው የፈለገው በአንሶላ ነው። በኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን ይዛ ወደ ሌላ ቤት እንዳትሄድ ከባሏ ወንድሞች አንዱ አንሶላ ይጥልባታል። ሁለቱ አንድ ጨርቅ ሥር ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌ ያያል፣ አለቀ፣ ባልና ሚስት ናቸው። የባቺታር ሚስት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ቀን የብስክሌት መጠገኛዬ መጥቶ የሻይ ብርጭቆዬን አንስቶ ጠጣና «ንገራት» አለኝ። «አንሶላውን ከተቀበለች ውሃውም አንድ ይሆናል፣ ንዝንዙም ያልቃል።»

ሄጄ ነገርኳት። የጎሽ እበት እየጠፈጠፈች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም።

«አንሶላውን ያስቀምጠው በለው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱታው ቀረ። «ሲሞት ይገነዝበታል። እስከዚያ ውሃዬን ይመልስ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ቃል ተሸክሜ ባቺታር ፊት ቆምኩ። ትልቅ አጎት ነው፣ ትልቅ ዱላም አለው። «አስብበታለሁ ብላለች» አልኩት።

በኛ ዘንድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት «አስብበታለሁ» ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ እሺን በግልጽ ብትለው ነውር ይሆንባታል። በሦስተኛው ቀን ባቺታር ጣፋጭ እየዞረ ሲያድል ዋለ። ለሽማግሌዎቹ እሁድን ቆረጠላቸው። አንሶላ ገዛ፣ ዳሩ በወርቃማ ክር የተሰፋ። ኒሃል የሰማችው ትንሿ ልጇ ጉንጯን በጣፋጭ ሞልታ ስትገባ ነው። «ከየት አመጣሽ?» ብትላት «የሰርግሽ ነው» አለቻት።

ሱቄ ስትደርስ ጎማ እየለጠፍኩ ነበር።

«ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ቻቺ፣ ያው... ለስለስ አድርጌ...»

ጫማዋን አውልቃ ሁለቴ ነው የሰጠችኝ፣ አንዱን ጆሮዬ ላይ። ደንበኛዬ ብስክሌቱን ሳይከፍል ይዞ ሄደ።

«እኔ አፍ አጥቼ ላኩህ» አለች። «አንተ ምላስ ይዘህ ሸጥከኝ። አሁን አንድ ነገር ትነግረዋለህ። አንዲት ቃል ብታለሰልስ ሌላኛውም ጆሮህ አለ። ከሆነ ጉርድዋራ ውስጥ ይሁን በለው። ሌላ ቦታ አልመጣም።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ባቺታር ጢሙን አሻሸ። «አየህ፣ በጸሎት ቤት፣ በቅዱሱ መጽሐፍ ፊት እንዲሆንላት ፈለገች» አለ። «ጨዋ ልጅ ናት።»

እሁድ ጉርድዋራው ሞላ። ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ፣ መጽሐፉ ከፊት። በሃይማኖታችን እዚያ ቤት ራስ ይሸፈናል እንጂ ፊት አይሸፈንም። ጉሩዎቹ፣ የእምነታችን አባቶች፣ ከከለከሉት ስንት መቶ ዓመቱ። በልማድ ግን ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ጫፉን ሳብ ያደርጉታል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ኒሃል ገባች። ሻሿን ጸጉሯ ላይ አሰረች፣ ፊቷን ክፍት አድርጋ በወንዶቹና በሴቶቹ መሀል አልፋ መጽሐፉ ፊት ሰገደች። ከዚያ ዞረች። ባቺታር አንሶላውን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው፣ እሱም ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ባቺታር ሲንግ» አለች። የባሏን ታላቅ ወንድም በስሙ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳል ያዛት። «አንሶላህን አልፈልግም። አስብበታለሁም አላልኩም። ሁለት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ግማሽ ሰዓት ውሃ ከልጆቼ አፍ ሰርቀሃል። እውነት ካልሆነ መጽሐፉ እዚህ አለ፣ እጅህን ዘርጋና ማል።»

«ተሸፈኚ አንቺ» አለ ባቺታር፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ኧረ ሸፍኗት!»

መጽሐፉን የሚያነቡት ሽማግሌ ባባ ኪሸን ሲንግ ዓይናቸውን ከገጹ ሳያነሱ «በዚህ ቤት ፊት አይሸፈንም» አሉ። «መማል የፈለገ ይማል፣ ያልፈለገ ምሳ ቀርቧል።»

ባቺታር አልማለም። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንዱ የውሃ ጉዳይ እዚህ አይነሳም አለ፣ ሌላው ምስሩ ይቀዘቅዛል አለ። ሁለት ዓመት ሲሰረቅ አይተው ዝም ያሉ ሰዎች ለምስሩ አዘኑ። ተነስተው በሉ። እኔም በላሁ፣ አልደብቅም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ኒሃል አካፋ ይዛ ቦዩ ላይ መጣች። ፊቷ እንደ እሁዱ ክፍት ነው፤ ሜዳው ደግሞ ጉርድዋራ አይደለም። ባቺታር እንደ ልማዱ የቦዩ አፍ ላይ ቆሟል። እኔ ከልማድ የተነሳ መሀል ልገባ ስል «አንተ ወዲያ» አለችኝ።

ቀጥታ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ዓይኑን እያየች «ሦስት ሰዓት ነው፣ እግርህን አንሳ» አለችው። ባቺታር አካፋውን ጠበቅ አደረገ። ሊል የፈለገው ብዙ ነበር፣ ግን ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከእሷ ጋር ያወራው በኔ በኩል ነው፤ ወደኔ ዞረ። እኔ ብስክሌቴን እያየሁ ነበር። ወደ መሬት አየ። ከዚያ እግሩን አነሳ። እሷ ስድስት አካፋ ጭቃ ጥላ የእሱን አፍ ደፈነች፣ የራሷን ከፈተች፣ ውሃው ጥጡ ውስጥ ገባ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አካፋዬን ይዤ ተጠጋሁ። «ቻቺ፣ እንግዲህ ተራዬ ደርሷል።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ግን የቦዩ አፍ ላይ እንደቆመች ናት።

«አምስት ሰዓት እኮ ሆነ።»

«ሁለት ዓመት ሲሰርቀኝ መሀል ቆመህ አየህ። በአምስት ሰዓት ደግሞ መጥተህ ደፈንክብኝ። በመጨረሻ ቃሌን ሸጥክ። ግማሽ ሰዓት እወስዳለሁ፣ ጥጡ እስኪለቀም ድረስ፣ በየማክሰኞው። ቅር ካለህ ሽማግሌ ጥራ።»

አልጠራሁም። ቦዩ ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ውሃዬ ወደሷ ሲሄድ አየሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞም አየሁ። የዚያ ዓመት ጥጤ ከጉልበት አላለፈም።