ሁለቱም ያልጻፉት ክፍል

አጎቴ የትዳር ንብረት ገማች ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤት ይልከዋል፤ ቤቱን ይለካል፣ ዕቃውን ይመዘግባል፣ ለሁሉም ዋጋ ያወጣለታል። ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ ቤተሰቡ «ሜትሮ» ይለዋል። እናቴ ደግሞ «ሰርግ ቤት እንኳ ገብቶ ሙሽሮቹን እንኳን ደስ አላችሁ ከማለቱ በፊት ሶፋቸውን ይገምታል» እያለች ታበሽቀዋለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራበት አንድ ዘዴ አለው። ባልን አንድ ክፍል፣ ሚስትን ሌላ ክፍል ያስቀምጥና ለየብቻ ባዶ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ክፍል በክፍል እየዘረዘሩ ይጽፋሉ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ቤቱን ይዞራል። ሁለቱም የጻፉት አያከራክርም። አንዳቸው ብቻ የጻፉት ያነታርካል። ሁለቱም የረሱት ግን ብዙ ጊዜ መጋረጃ ወይም የእግር መጥረጊያ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሄደበት ቤት የአንድ መድኃኒት ቤት ባለቤትና የመምህርት ሚስቱ ቤት ነበር። ልጅ የላቸውም። ቤቱ ቶሎ ተሽጦ ገንዘቡ እኩል እንዲከፈላቸው ይፈልጋሉ። ሲጽፉ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ሲጨርሱ አጎቴ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው፤ እስከ ማንኪያው ቁጥር አንድ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ስድስት ክፍል ከነዕቃው፣ አንድም ነገር ሳይጎድል።

የክፍሎቹን በሮች ሲቆጥር ግን ሰባት ሆኑበት። ሰባተኛው ከወጥ ቤቱ ባሻገር፣ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው።

«ይሄስ?» አለ።

ባልየው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «የቱ?» አለው።

«በሩ ነዋ።»

«እ... እሱ። ምንም የለበትም ጋሼ፣ ይለፉት።»

«ባዶ ነው» አለች ሚስትየዋ ከኋላ። «ጊዜዎን አያባክኑ።»

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ሰው ሲስል ተሰማ። ደረቅ፣ ረጅም ሳል ነበር። አጎቴ ባልየውን አየ፤ ሚስትየዋን አየ። አንዳቸውም ፊታቸውን አላዞሩም። ባልየው በተረጋጋ ድምፅ «ሳሎኑን በስንት ካሬ አስገቡት?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ክንዱን እያሻሸ ነበር።

በሩን ከፈተው። ጠበብ ያለ አልጋ በደንብ ተነጥፏል። ጨርቅ የለበሰ የልብስ ስፌት መኪና አለ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ግማሹ የተጠጣ ውሃ ተቀምጧል። አልጋው አጠገብ ነጠላ ጫማ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃል። ሰው ግን የለም። ሊወጣ ሲዞር በሩ ጀርባ ወንበር ላይ፣ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ አሮጊት አየ። ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

«አየኸኝ?» አሉት።

«አየሁዎት እማማ። ምነው፣ አልታይም ብለው ነው?»

«እንጃ ልጄ። ከክረምቱ ወዲህ እነሱ አያዩኝም። ወጥ ቤት ስገባ ወሬያቸውን አያቋርጡም። ቀሚሴን እየነኩ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ብርጭቆ ሰበርኩ። ሚስቱ መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችና ሄደች፤ ማን ሰበረው አላለችም። ያን ቀን መስታወት ፊት ቆምኩ። አለሁ ወይ ብዬ።»

አሮጊቷ የባልየው አክስት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባለሁለት ክፍል ቤታቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለዚህ ቤት ማሠሪያ ሰጡ። እስኪሞቱ አብረው ሊኖሩ የተስማሙት በቃል ብቻ ነው። ፍቺው ሲመጣ ሁለቱም ተጋቢዎች አንድ ነገር ገባቸው። የሦስተኛ ሰው ገንዘብ ቤቱ ውስጥ ካለ፣ ከክፍፍሉ በፊት እሱ ይታያል፤ የሁለቱም ድርሻ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ተመካክረው አያውቁም። እንዲሁ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ዝምታውም እያደር አሮጊቷን ዋጣቸው።

«ወረቀት ተፈራርማችኋል?» አለ አጎቴ።

«አዝዬ ካሳደግኩት ልጅ ጋር ምን ወረቀት!»

«የራስዎን ቤት የሸጡበት ውልስ?»

«እሱማ አለ።»

«ገንዘቡን በእጅዎ ነው የሰጡት?»

«ምን፣ አብጃለሁ? በባንክ ነዋ!»

አጎቴ ሳቁ አመለጠው። አሮጊቷ ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከክሮቹ ሥር፣ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። በሽያጩና በባንክ ዝውውሩ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ችግሩ የአጎቴ የራሱ ጥፋት ነው። ቅጹ ላይ «በቤቱ ላይ መብት ያለው ሌላ ሰው» የሚል መስመር አለ። እሱ ያንን መስመር ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ «የለም» ብሎ መሙላት ልማዱ ነው። የዚያን ቀንም ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ነበር የመጣው። ለመሰረዝ የሁለቱም ወገን ፊርማ ያስፈልጋል።

ሳሎን ተመልሶ «የለም» ያለውን ለመሰረዝ እንዲፈርሙ ጠየቃቸው።

«እርስዎ ዕቃ ገማች ነዎት ወይስ ጠበቃ?» አለች ሚስትየዋ።

«ዕቃ ገማች ነኝ። ግን ሰው ያለበትን ክፍል ባዶ ነው ብዬ ብፈርም ዕቃም መገመት አልችልም።»

ይህን ሲል አሮጊቷ ከኮሪደሩ መጥተው መሃላቸው ቆሙ። ባልየው በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አጎቴን እያየ፣ «ሰው የሚሉት ማንን ነው?» አለ።

ለአንድ አፍታ አጎቴም ተጠራጠረ። እጁን ዘርግቶ የአሮጊቷን ክንድ ያዘ፤ ቀጭንና ሞቃት ነበር። «እምቢ ካላችሁ፣ እምቢ ማለታችሁን እጽፋለሁ» አለ። ጻፈም።

ችሎቱ ላይ ዳኛዋ ማስታወሻውን አነበቡ፤ ውሉንና የባንኩን ወረቀት አገላበጡ። ከዚያ ባልየውን፣ «እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?» አሉት።

ባልየው አሮጊቷ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ዞረ። ጨለማ ቤት ገብቶ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን አጥብቦ አየ። መጨረሻ ላይ «አክስቴ ናቸው» አለ። ሚስትየዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዳኛዋ የአሮጊቷ ጥያቄ ተጣርቶ እስኪወሰን ቤቱ እንዳይሸጥ አገዱ፤ አሮጊቷም ከክፍላቸው እንዳይነኩ አዘዙ።

ሳምንት ሳይሞላ ባልና ሚስቱ በየፊናቸው ለቀው ወጡ። አጎቴ ያን ሰሞን የድሮ መዝገቦቹን እያወጣ አድራሻዎች ይገለብጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «በስንት ቤት ሲስል ያልሰማሁት ሰው እንዳለ ማን ያውቃል?» አለኝ።

የእግዱን ግልባጭ ለአሮጊቷ ያደረሰላቸው ራሱ ነው። እዚያው በር ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«እማማ፣ ቤቱ እኮ ሙሉው ክፍት ነው። ሳሎን አይቀመጡም?»

«እነሱ አሉበት» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ወጥተዋል እኮ።»

«እኔም ወጥተዋል ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ሳሎን ያወራሉ። ትናንት ልጁ በስሜ ጠራኝ። ደጋግሞ ጠራኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

አሮጊቷ ግልባጩን አጣጥፈው ከክሮቹ ሥር ከተቱት።

«ምንም» አሉ። «በአጠገቡ አለፍኩ።»