እጅ የሌለበት ለቅሶ

ሰው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ካየሁ እስከ ዛሬ ልቤ ይረበሻል። ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ ይሁን፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ ምን እንደሆንኩ ጠይቆኝ ብርድ ነው ብዬው አልፌያለሁ። ብርድ አይደለም። ነገሩ የአክስቴ እጅ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ሁሉም እታለም ነበር የሚላት። የምትኖረው ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር። ትራኮማ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ አዙሮት ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ፀጉሩ ብሌኗን ይወጋታል። የዚህ ነገር መድኃኒቱ ያን ጊዜ ወረንጦ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እሷ ዘንድ ስሄድ በር ላይ ፀሐይ ወደሚመታበት ታወጣኝና ፊቷን ቀና አድርጋ "ንቀይልኝ" ትለኛለች። እነቅልላታለሁ። ፀጉሩ ግን ከበፊቱ ጠንክሮ ይበቅላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓይኗ እየቆሰለና እያነባ አልገለጥ አላት።

ሰው የምትለየው በድምፁና በኮቴው ሆነ። እኛም አለማየቷን ለመድነው፤ እንዲያውም ተመቸን ብል ይሻላል። ስንደባበቅ ከፊቷ ቆመን በዓይን እንጠቃቀሳለን፣ በከንፈር እንነጋገራለን። ድምፅ እስካላሰማን ድረስ እሷ የሌለች ያህል ነበር። ይህችን ልማድ ያነሳኋት ኋላ ስለምታስፈልገኝ ነው።

ልጇ ደጀን ከተማ ተቀምጦ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ኑሮው ዓባይ በረሃ መውረድና መውጣት ነው። ጢም ካበቀለ ወዲህ እናቱ ፊቱን በቅጡ አይታው አታውቅም። ሲመጣ አገጩን በእጇ እየዳሰሰች ጢሙ ያምርበት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እሱም ዓይንሽን ታከሚና ራስሽ ፍረጂ ይላታል። እሷ ግን ቢላ ዓይን አጠገብ ሲደርስ እያሰበች እምቢ ትል ነበር።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ባለው በጋ አንድ የውጭ ድርጅት ከጤና ቢሮው ጋር ተጋግዞ እዚያው አማኑኤል ጤና ጣቢያ የዓይን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። እኔ ከኮሌጅ በእንግሊዝኛ ተመርቄ ቤት ተቀምጬ ነበርና ለአስተርጓሚነት ቀጠሩኝ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት የሠለጠኑ የአገራችን ነርሶች ናቸው፤ ያሠለጠነቻቸው ደግሞ ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ፈረንጅ ሐኪም ናት። የድርጅቱ ነጭ መኪና የመጣ ዕለት ግማሹ አገር ሊያይ ወጣ። ሌላው ግማሽ ዓይን አውጥተው የፍየል ይተካሉ የሚል ወሬ ሰምቶ ቤቱን ዘጋ። በሩን ያስከፈተልን የደብሩ አንድ ቄስ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ ታከመና በቀጣዩ እሑድ ዓይኑን ሳያሽ ዳዊቱን ደገመ። ከዚያ በኋላ ወረፋውን ማስያዝ አቃተን።

ሐኪሟ ጥሩ ሰው ነበረች፤ በሐሜት አላነሳትም። ከእኛ ጋር ቆሎ ትቆረጥማለች፣ የነርሶቹን ስፌት በማጉያ መነጽር ታያለች፣ ያልተስተካከለውን ታስፈታለች። የዘመቻው ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሥልጠናው፣ ቅባቱ፣ ክትትሉ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። እኛ እንዴት እንደምናለቅስ ግን ያሰበበት አልነበረም፤ እኛም ብንሆን አላሰብንበትም።

እታለም የገባችው በልጇ ግፊት ነው። በእኔ ስልክ ደውሎ ስፌቱ በሚወጣበት ቀን እንደሚመጣ፣ በዳነ ዓይኗ መጀመሪያ የምታየውም እሱ እንደሚሆን ነገራት። እስከዚያ እጇን ወደ ዓይኗ እንዳታነሳ አስማላት። እሷም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "በአባትህ አጥንት፣ አላነሳም" አለችው። ፋሻው በማግስቱ ሲፈታ ነርሱ ለሁሉም የሚለውን አላት፤ ጭስ አይንካሽ፣ በእጅሽ አትንኪው፣ አታልቅሺ። እጇን ይዤ ቤቷ አደረስኳት።

መኪናው የተገለበጠው በዚያው ሰሞን ነው። ዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው አሉ። ሹፌሩ ተረፈ፣ ረዳቱ አልተረፈም።

መርዶ በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ንጋት ላይ ደጃፍ ተቁሞ ይነገራል። የታመመ እስኪድን፣ አራስ እስክትጠነክር ይደበቃል። የእታለም ነገር ሲመጣ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡና እኔን ጠርተው ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። አታልቅሺ መባሏን ነገርኳቸው። በመጨረሻ የነፍስ አባቷ "ዓይኗ ሳይድን ልቧን አንሰብርም" አሉ፤ በዚሁ ተቆረጠ። ስፌቱ በወጣ ማግስት ሊያረዷት፣ ሬሳው ደግሞ ከጋራው ማዶ በአባቱ ደብር ሊያርፍ ተስማሙ። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ክፋት አላየሁበትም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቀብሩ ያለ እናት ሆነ። የጋራው ማዶ ሴቶች ደረታቸውን ደቁ፣ ፊታቸውን ነጩ። እታለምን የሚያውቁት ሲመለሱ በቤቷ ያልፋሉ፤ አለማለፍ ደግሞ ያስጠረጥራል። እግዜር ይማርሽ ብለው ይገባሉ፣ ስለ አዝመራው ያወራሉ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው ይወጣሉ። አፋቸውን እንዴት እንደጠበቁ ሳስብ ይገርመኛል። አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም።

ፊታቸው ግን የተነጨ ነበር። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ነበር የገቡት። አንዷ ከልቅሶ ብዛት ዓይኗ አብጦ አይገለጥም። እንደ ለመድነው ከፊቷ ቆመን በዓይን ተጠቃቀስን፣ በከንፈር ተነጋገርን። ያን ሁሉ ሰው ስንሰበስብ፣ ያን ሁሉ ምክር ስንመክር፣ ሴትዮዋ እንድታይ መታከሟን አንዳችንም አላስታወስንም።

እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ታያለች፣ "እንደምን ሰነበታችሁ" ትላለች። አንድ ቀን ቅባቱን ስቀባት ከሁለቱ አንዱ እጇ ከጉልበቷ ከፍ አለ፤ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። ዝንብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ልጇ ደውሎ እንደሆነ አለመጠየቋን ግን በልቤ ይዤዋለሁ። በየዕለቱ ትጠይቀኝ የነበረች ሴት ናት።

ስፌቱ በሚወጣበት ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እጇን ልይዛት ስል "ተዪኝ፣ መንገዱ ይታየኛል" አለችኝ፤ እውነትም ድንጋዩን እየለየች ሄደች። ሐኪሟ ዓይኗን ስታየው ደስ አላት፤ የዓይኗ ቆብ ተስተካክሎ ወደ ውጭ ዞሯል፣ ቁስሉ ንጹሕ ነው። ነርሱ መቀሱን እስኪያዘጋጅ ለድርጅቷ የምትልከውን ፎቶ ልታነሳት ካሜራዋን አወጣች። ፈገግ ብላም ማንን ለማየት እንደጓጓች ጠይቂልኝ አለችኝ።

ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ ሥራዬ ነው። እታለም ሐኪሟን አላየቻትም። ወደ እኔ ዞረች።

"የመጣውን ሰው ሁሉ አይቻለሁ" አለች። "የተነጨ ፊት አየሁ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ አየሁ። አንቺም ስትቀቢኝ ከንፈርሽ ይንቀጠቀጣል። ልጄን የት ቀበራችሁት?"

ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንድም አላስቀረሁም። ሐኪሟ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስካሁን ለምን እንዳልተነገራት ጠየቀችኝ። አታልቅሺ ስለተባለች ነው አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ወደ እታለም ቀረብ አለች። እንባ ቁስሉን አይጎዳውም አለች ቀስ ብላ፤ የሚጎዳው እጅ ነው፣ ማሸት ነው። በእንባ ብቻማ ብታለቅስ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።

እንባ ብቻ! በእኛ አገር እናት ልጇ ሞቶ በእንባ ብቻ ስታለቅስ ማን አይቶ ያውቃል? ለቅሶ በእጅ ነው፤ ደረት የሚደቃው፣ ፊት የሚነጨው፣ ፀጉር የሚነጨው እጅ ነው። ሽማግሌዎቹ የፈሩት ይህንኑ መሆኑን ለሐኪሟ ሳላስረዳ ተውኩት። እሷ ያለችውን ግን ለአክስቴ ነገርኳት። እንባው አይጎዳሽም፣ እጅሽ ብቻ ነው አልኳት።

እታለም ጉልበቷ ላይ የተዘረጉትን እጆቿን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ያን ሁሉ ቀን ለልጇ በማለችው መሐላ እዚያ አስቀምጣቸው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋቻቸው።

"እንግዲያው እጄን ያዙልኝ" አለች።

ቀኟን እኔ ያዝኩ። ግራዋን ምን እንደተባለ ሳልተረጉምላት ሐኪሟ ያዘች። ነርሱ መቀሱን እንደያዘ በሩን በጀርባው ደገፈው። አክስቴም አለቀሰች።

ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሰውነቷ ሁሉ ወደ እጇ ሄዶ ነበር፤ የወፈጨና የቆፈረ እጅ፣ ፊቴን ስጡኝ እያለ ይጎትተናል። ሐኪሟ በጉልበቷ ተንበርክካ በሙሉ ክብደቷ ትይዛለች፣ እኔ በክንዴ አቅፌ እይዛለሁ። በመሐል ትንፋሽ ስታገኝ "ጢሙ ያምርበት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። በጣም፣ እታለም፣ በጣም ያምርበት ነበር አልኳት። ያን ጊዜ እጇ የጎተተኝን ያህል ከዚያ በፊት ጎትቶኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ንጋት ደጃፏ ቆመው መርዶውን ተናገሩ፤ ወጉ ነውና እሷም እንደ አዲስ ሰማቻቸው። ዓይኗ ዳነ። መቃብሩ ድረስ ጋራውን ተሻግራ ያለ መሪ ሄደች፤ እስክትሞትም ድረስ መርፌዋ ላይ ራሷ ክር ታስገባ ነበር። የፎቶው ነገር ቀረ። ሐኪሟም ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ግራ እጇ እንቅልፍ ይነሳት አይነሳት አላውቅም። የእኔን ቀኝ ግን አሁንም አንዳንድ ጊዜ ባለቤቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ያላቅቅልኛል፤ ምን ይዘሽ ነው ይለኛል።